ጅዳ ሁለት ሰዓት ነው ብለን ወላጆቻችንን አናዘናጋ



ውድ አንባብያን! ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚነሳ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ከአዲስ አበባ ጅዳ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» የሚል። መልሱም ወዲያው ይመጣል፤ «ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ምን አላት!» ይባላል። ይህን ሲሰሙ እናት ደስ ይላቸዋል፣ አባትም ልባቸው ያርፋል፣ ልጆችም ሐሳባቸውን ወደ ሻንጣውና ወደ ሽኝቱ ያዞራሉ።

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። በዚህ ጎደሎ መልስ ምክንያት ብዙ አረጋውያን ወላጆቻችን የሁለት ሰዓት መንገድ እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅተው የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ይጓዛሉ። በማግስቱም ጉልበት፣ ውኃና ትዕግሥት በእጅጉ የሚጠይቀውን ኢባዳ በዛለ ሰውነት ይጀምራሉ። ስለዚህ በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ሐሳብ ግልጽ ነው። የጤና ዝግጅታችን መለካት ያለበት በአየር ላይ በምንቆይበት ሰዓት ሳይሆን ከቤታችን ደጃፍ እስከ ካዕባ ድረስ ባለው ድካምና በአየር ጠባዩ ለውጥ ነው። ዝግጅቱም ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መጀመር ይኖርበታል። ኃላፊነቱ ደግሞ የተጓዡ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡም የመስጂዱም ነው።

ርቀቱን እንለካው

ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጅዳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ አውሮፕላኑ ብዙም ሳይዞር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይደርሳል። በረራውም ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ወደ መዲና የሚበር ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ከ1,700 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ነገር ግን ከሐረር፣ ከአቦከር ሰፈር የሚነሳ ሰው መንገዱን ከቦሌ አይጀምርም። ሐረር መደበኛ የመንገደኞች በረራ የለባትም፤ በቅርብ የሚገኘው ማረፊያ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለው የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ደግሞ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ብናሰምር ከሐረር ጅዳ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ጅዳ ካለው ርቀት ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። ድሬዳዋማ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለጅዳ ትቀርባለች። የእኛ ሑጃጅ ግን ወደ ሰሜን ለመሄድ በቅድሚያ ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። በመሆኑም በአየር ላይ ብቻ የሚሸፍኑት መንገድ 1,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከአቦከር ተነስቶ በአወዳይና በሐረማያ አልፎ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለ። የአገር ውስጥ በረራው አንድ ሰዓት ነው። ቦሌ ላይ ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስትና አራት ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። ከዚያ የጅዳው በረራ ይቀጥላል። ጅዳ ከተረፈ በኋላ የፓስፖርት ምርመራው፣ የሻንጣው ፍለጋና የአውቶቡሱ ጥበቃ በሐጅ ወቅት ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው መካ ድረስ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የመኪና መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር ምንም መዘግየት ባይኖር እንኳ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ አምስት ሰዓት ይሆናል። ከሐረር አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን አድካሚ የአውቶቡስ ጉዞ ይጨመርበታል።

መንገዱ እዚህም አያበቃም። ዑምራ የሚያደርግ ሰው ሰባት ጊዜ ጠዋፍ ያደርጋል፣ በሰፋና በመርዋ መካከልም ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። የሰዕዩ መንገድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ሕዝብ ሲበዛና ጠዋፉ ከካዕባ ርቆ ወይም በላይኛው ፎቅ ሲደረግ ደግሞ የእግር መንገዱ በጣም ይረዝማል። እንግዲህ ከቤት ወደ መስጂድ፣ ከመስጂድ ወደ ቤት ብቻ ይመላለሱ የነበሩ የሰባ ዓመት እናት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈጽማሉ ማለት ነው። «ሁለት ሰዓት ነው» የሚለው መልስ ጎደሎ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

ግመሉ ይሰጥ የነበረውን አውሮፕላኑ አይሰጥም

አያቶቻችን ከሐረር ለሐጅ ሲነሱ የሚሄዱት በቅፍለት ወደ ዘይላ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ዐረቡ ምድር ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1854 ከዘይላ ተነስቶ ሐረር የገባው ጥር 3 ቀን 1855 እንደነበር ተመዝግቧል። በመንገድ ላይ ያረፈበትን ጨምሮ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ አጠረ። አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ወራቱ ወደ ሰዓታት ተለወጡ። ለዚህ ኒዕማ አላህን ማመስገን ይገባናል።

ይሁን እንጂ የዚያ ረጅም ጉዞ አንድ ጥቅም ነበረው። ከደጋው ከተማ የወጣው ሰው ቆላውን ቀስ በቀስ እየወረደ፣ ሙቀቱን በየቀኑ እየቀመሰ፣ እግሩም እየጠነከረ ይሄድ ነበር። የሰው ልጅ አካል ብርቱ ሙቀትን ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ላብ ቶሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልብም ሥራዋ ይቀላታል። ዛሬ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአዲስ አበባ ብርድ ተነስተን ከሁለት ሰዓት በኋላ በባሕር ጠረፍ ወዳለችው ጅዳ እንወርዳለን። አውሮፕላኑ ርቀቱን አሳጥሮልናል፤ አካላችን ሙቀቱን ለመልመድ የሚፈልገውን ጊዜ ግን አላሳጠረልንም። ያንን ጊዜ እኛው ራሳችን ከጉዞው በፊትና መካ በገባን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልናዘጋጅለት ይገባል።

ይህ የሚደረገው እንዴት ነው? ለመሄድ ሁለት ወር ሲቀር በየቀኑ ከ20 ደቂቃ የእግር ጉዞ መጀመርና ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት ማድረስ ነው። ለሐረር ሰው ይህ አስቸጋሪ አይደለም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ከሸዋ በር ተነስቶ የጀጎልን ግንብ እየታከኩ መዞር በቂ ልምምድ ነው። በጉዞው ጊዜ የሚደረገውን ጫማ አሁኑኑ አድርጎ መለማመድም ያስፈልጋል፤ አዲስ ጫማ ሐጅ ላይ ማሟሸት እግርን ማቁሰል ነውና። መካ ሲደረስም ወዲያው ጉልበትን ጨርሶ ከመድከም ይልቅ ማረፍ፣ ውኃ መጠጣትና ጠዋፉን በተቻለ መጠን በሌሊቱ ወይም በማለዳው ቀዝቃዛ ሰዓት ማድረግ ይመረጣል።

በአውሮፕላኑ ውስጥ

አንዳንድ አረጋውያን «አየሩ ያፍነኝ ይሆን?» ብለው ይሰጋሉ። በበረራ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ሐረር ራሷ በ1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ የሐረር ሰው ለዚህ ዓይነቱ አየር እንግዳ አይደለም፤ አላህ አስቀድሞ አለማምዶታል። የልብ ድካም፣ ብርቱ አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር መሳፈር የለበትም።

ጆሮን በተመለከተ የደንገጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከ2,000 ሜትር አካባቢ ወደ 1,200 ሜትር ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ ሲውጡ ይከፈታል። አውሮፕላኑ ሲወርድም እንደዚሁ ነው። ከረሜላ መምጠጥ፣ ውኃ ጎንጨት ማለትና ማዛጋት ይረዳል። ብርቱ ጉንፋን ያለበት ሰው ሕመሙ ሊጸናበት ስለሚችል አስቀድሞ መታከም አለበት።

ዋናው ጉዳት ግን ድርቀት ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ነው። በዚህ ላይ ስለ እናቶቻችን በግልጽ መናገር ይገባል። ብዙ እናቶች በመንገድ ላይ ሽንት ቤት መጠየቅን ስለሚያፍሩ፣ የአውሮፕላኑንም ሽንት ቤት አጠቃቀም ስለማያውቁ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ውኃ በደንብ ሳይጠጡ ቆይተው በጥማት መካ ይገባሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ውኃ እየፈለገ እንኳ ጥማቱ ብዙም አይሰማውም። ይህ ለኩላሊትም፣ ለደም ግፊትም፣ ለስኳር ሕመምተኛም አደገኛ ነው። ስለዚህ ልጆች ሆይ! እናታችሁን ከመንገዱ በፊት አስረዱ፤ የአውሮፕላኑ በር እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ውኃው እንዴት እንደሚለቀቅ ንገሩ። አብራቸው የምትሄድ እህት ካለች ደግሞ ሳይጠየቅ ትውሰዳቸው። ሽንት እንደ ውኃ ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ ግን ውኃ አንሷል ማለት ነው።

በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለሆነም ከአዲስ አበባ የጅዳው በረራ አጭር ቢሆንም ከሐረር አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በየእረፍቱ ወርዶ ይንቀሳቀስ፤ በተቀመጠበትም ቁርጭምጭሚቱን ያዟዙር።

የሽኝቱ ሳምንት

ከጉዞው በፊት ያለው ሳምንት በከተማችን የታወቀ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። መልካም ባህል ነው። ዳሩ ግን ተጓዡ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ሳይተኛ፣ በየቀኑ ሥጋና ቅባት እየበላ፣ ስኳር ያለበትም ሰው ሐልዋና ሙሸበክ «ለበረካ ቅመስ» እየተባለ ይሰነብታል። ሲነሳ አስቀድሞ ደክሟል፤ ስኳሩም ከፍ ብሏል።

እኛ የምንለው ሽኝቱ ይቅር አይደለም፤ ይመጠን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ለእንቅልፍ ይተዉ። በመነሻው ቀን ቀለል ያለ ምግብ ይበላ። ሁልበት መረቅ የምንወደው ምግባችን ነው፤ ነገር ግን ሆድ የሚነፋው ሰው በመንገዱ ዋዜማ ቢተወው ይሻለዋል። ለስንቅ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት ተምርና ሙዝ ጥሩ ናቸው። ስኳር ያለበት ሰው ተምሩን በሁለት ወይም በሦስት ፍሬ ይወስን፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ስኳሩ ድንገት ቢወርድበት የሚቀምሰው ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሱ አይለየው። ጉዞው በረመዳን ከሆነ ሸሪዓችን ለተጓዥና ለሕመምተኛ የሰጠውን ማፍጠር የሚቻልበትን ሩኽሳ ማስታወስ ይገባል። ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን መጠየቅ ነው።

መድኃኒትና ሰዓት

ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዐረቢያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው የእንቅልፍ መዛባት አይገጥመንም፤ የመድኃኒት ሰዓትም አይለወጥም። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ። እኛ ጠዋት «2 ሰዓት» የምንለውን እነርሱ 8 ሰዓት ይሉታል። ስልኩ በእነርሱ አቆጣጠር ሲሆንና መድኃኒቱ በእኛ አቆጣጠር ሲታዘዝ አረጋውያን ግራ ይጋባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን ከሰዓት ቁጥር ጋር ሳይሆን ከሶላት ጋር ማያያዝ። «ይህ ከፈጅር በኋላ፣ ይህ ከዒሻ በኋላ» ተብሎ በመያዣው ላይ ቢጻፍ የማይረሳ ይሆናል።

መድኃኒት በሙሉ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ኢንሱሊን በዕቃ ክፍል ውስጥ ከገባ በብርዱ ሊበላሽ ይችላል፣ በአውቶቡስ ውስጥ በፀሐይ ከተተወም በሙቀቱ ይበላሻል። ለጉዞው ከታሰበው ቀን በላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚተርፍ መድኃኒት ይያዝ። የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የሐኪም ወረቀትም አብሮ ይሁን። ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በሳዑዲ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለባቸው ያለ ማስረጃ መያዝ ችግር ያመጣል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በሙቀቱ ወቅት መጠኑ ይስተካከልለት እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ እንጂ በራሱ አያቁም።

ክትባትና የግመል ወተት

የማጅራት ገትር ክትባት ለሐጅም ለዑምራም ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት ወረርሽኙ ተነስቶ ነበር፤ በ2000 ደግሞ ሌላ ዓይነቱ ተከስቶ ሑጃጅ ወደየአገራቸው ይዘውት ተመልሰዋል። ለዚህ ነው አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት የሚጠየቀው። ክትባቱ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋልና። በመሆኑም ክትባቱን ሳይወስዱ ወረቀቱን ብቻ ማሠራት ራስን ማታለል ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሚሰግደውን ወንድም፣ ሲመለሱም የሚያቅፉትን የልጅ ልጅ መጉዳት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ከእኛ አገር ለሚሄድ ይጠየቃል።

ሌላው የግመል ወተት ነው። በሐረርጌ የግመል ወተት የምንወደው መጠጥ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዐረቢያ የታወቀውና «ሜርስ» የሚባለው ከባድ የሳንባ በሽታ ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ እዚያ እያሉ ያልፈላ የግመል ወተት ከመጠጣትና ወደ ግመል ማርቢያ ከመሄድ መቆጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ጫት

ይህን ርዕስ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ለእኛ አካባቢ ግን ማለፉ አማና መብላት ይሆናል። ጫት በሳዑዲ ዐረቢያ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በኪስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ቀንበጥ እንኳ መዘዝ ልታመጣ ስለምትችል ልብስና ቦርሳ በደንብ ይፈተሽ። የማያውቁትን ሰው ዕቃ «ለዘመድ አድርስልኝ» ቢባሉም አይቀበሉ።

ከጤናም አንጻር ነገሩ ትልቅ ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ለዓመታት የለመደ ሰው በጉዞው ቀን በድንገት ሲያቆም ደግሞ ድካም፣ ድብርት፣ ንዴትና ቅዠት ሊመጣበት ይችላል። ያም የሚሆነው ትዕግሥት በሚያስፈልግበት በኢሕራም ወቅት ነው። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት ቀስ በቀስ እየቀነሱ መነሻው ከመድረሱ በፊት ማቆም ብልህነት ነው። አላህ ከገራለት ደግሞ ከዚያም በኋላ ሳይመለሱበት መቅረት ነው።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ በሰኔ ወር ላይ ሲውል በመካ ሐረም የሙቀቱ መጠን 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ 83 ከመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ፣ ጥላና ማረፊያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግር የሄዱ ነበሩ። አላህ ይማራቸው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የሐጅ ፈቃድ የጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን፣ ቀዝቃዛ አውቶቡስና ሕክምና ማለት ነው። በጉብኝት ቪዛ ሐጅ «እናስገባለን» የሚል ደላላ የሚሸጠው አደጋን ነው።

የሐጅ ወቅት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሰኔው ሐሩር ወደ ጸደይና ወደ ክረምታቸው ወራት እየሸሸ ነው። ይህ ከአላህ የሆነ እፎይታ ነው። ቢሆንም በግንቦትም የመካ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጃንጥላ ይያዝ፣ በየጥቂቱ ውኃ ይጠጣ፣ ብዙ ላብ ሲኖር ኦ.አር.ኤስ ይወሰድ። ኦ.አር.ኤስ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ሙሉ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ነው፤ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ግን ሐኪም ያማክሩ። ወንዶች በኢሕራም ጊዜ ጭን እንዳይላላጥ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቢይዙ ይጠቅማቸዋል።

ሰው በፀሐይ ውሎ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካስመለሰው ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰድ። መዘባረቅ ከጀመረ፣ ቆዳው ከጋለ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ይህ የሙቀት ምት ነው፤ ገዳይም ነው። ልብሱን ማላላት፣ ውኃ ማፍሰስ፣ ማራገብና በሳዑዲ ቀይ ጨረቃ የአምቡላንስ ስልክ 997 መጥራት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም።

«ሞትስ ቢሆን እዚያ መሞት መታደል ነው»

እንዲህ የሚሉ አሉ። ኒያቸውን እናከብራለን፤ በቅዱሱ ምድር መሞትን መመኘት ከእምነት የመጣ ነው። ዳሩ ግን አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ጥንቃቄ ደግሞ በእኛ ላይ የተጣለ ነው። ሐጅ የተደነገገው ለቻለ ሰው ሲሆን ዑለማዎች ከችሎታ ውስጥ ስንቅንና ጤናን ቆጥረዋል። ግመሉን ሳያስሩ በአላህ ተመክቻለሁ ማለት ተወኩል አይደለም። ሕመሙ የማይድንና ጉዞውን የማይፈቅድ ሰው ደግሞ በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው ሐጅ የሚያደርግበት መንገድ በሸሪዓው አለ። ዑለማዎችን ጠይቆ በዚያ መጠቀም ሽንፈት አይደለም።

ሌላም መራራ እውነት አለ። ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ለሐጅ የምንልከው ጉልበታቸው ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ገንዘቡ የሚገኘው ዘግይቶ ነው። ነገር ግን ቤት ለማደስ፣ ለሠርግ ድግስ፣ ለመኪና የሚወጣውን ገንዘብ ስናስብ አንዳንዴ የዘገየው ገንዘቡ ሳይሆን ሐሳባችን ነው። አባት በሃምሳ አምስት ዓመቱ የሚሄደው ሐጅና በሰባ አምስት የሚሄደው ሐጅ ርቀቱ እኩል 1,750 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ለጉልበቱ እኩል አይደለም። ገንዘብ ያገኘ ልጅ ከሌላው ነገር ሁሉ ይህን ያስቀድም።

መስጂዶቻችን ምን ያድርጉ?

ጀጎል ብቻ 82 መስጂዶች ያሉባት ከተማ ናት። በእያንዳንዱ መስጂድ ጀማዓ ውስጥ ሐጅ አድርጎ የተመለሰ ሰው አይጠፋም፤ ነርስ ወይም ሐኪም የሆነ ወንድም ወይም እህትም አይጠፋም። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ከሐጅ ሁለት ወር በፊት ተጓዦች በየመስጂዳቸው ይመዝገቡ። የጤና ባለሙያዎቻችን በአንድ የጁሙዓ ቀን በመስጂዱ ግቢ የደም ግፊትና ስኳር ይለኩላቸው፤ ችግር የተገኘባቸውን ወደ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይላኩ። የተመለሱት ሑጃጅ መንገዱን ደረጃ በደረጃ ያስረዱ፤ ሴቶች ለሴቶች፣ ወንዶች ለወንዶች። በዕድሜ ለገፋ ብቸኛ ተጓዥ ከዚያው ጀማዓ አንድ ጎልማሳ ጓደኛ ይመደብለት። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሰባሰብን ነው።

ውድ አንባብያን! በዚህ ሳምንት ለመሄድ ያሰበ ወላጅ በቤታችሁ ካለ ሦስት ነገር አድርጉ። ግፊታቸውንና ስኳራቸውን አስለኩ፣ የመድኃኒታቸውን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጻፉ፣ ነገ ከፈጅር በኋላም እጃቸውን ይዛችሁ 20 ደቂቃ አብራችሁ ተራመዱ። «ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ሲጠይቋችሁም «በረራው ሁለት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ግን ዛሬ ተጀምሯል» በሏቸው።

አላህ ለሚሄዱት ጉዟቸውን ያግራላቸው፤ ሐጃቸውን መብሩር ያድርግላቸው፤ በሰላምና በጤና ወደየቤታቸው ይመልሳቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።